የዝነኛ ሼፍ ስም ያለበት የኢናሜል ብረት ድስት ስትገዙ፦ ከመደርደሪያው እስከ ዶሮ ወጡ

አሜሪካ ውስጥ ከቴሌቪዥን የምናውቀው ሰው ስም የተጻፈበት፣ ከባድ፣ ባለቀለም ድስት የትም ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ሼፏ ፈገግ ብላ ቆማለች። ዋጋው ደግሞ ከታወቀው የፈረንሳይ ድስት ሲሶ አይሞላም። ጓደኞቼ እየደወሉ "ይሄ ነገር ለዶሮ ወጥ ይሆናል?" ይሉኛል። አንዳንዱ በጣም ይሆናል። አንዳንዱ አይሆንም። የትኛው እንደሚሆን ግን ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አይነግራችሁም። ድስቱን ራሱን አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። እንዴት እንደሚታይ ከመደብሩ ጀምሬ እስከ ምድጃው ድረስ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ዕቃው ምን እንደሆነ እወቁ

የዚህ ድስት ብረት ካስት አይረን ይባላል፣ ቀልጦ የአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የተፈሰሰ ብረት ማለት ነው። ላዩ ላይ ያለው ኢናሜል ቀለም ይመስላል እንጂ መስታወት ነው። የተፈጨ መስታወት ብረቱ ላይ ይረጭና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ እቶን ውስጥ ይገባል። እዚያ ቀልጦ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል።

አገር ቤት ጫፉ ሰማያዊ የሆነውን ነጭ የኢናሜል ሳህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሲወድቅ ጠርዙ ይፈረፈርና ጥቁር ይወጣል፣ ቆይቶም ይዝጋል። የዚህ ድስት ሽፋንም የዚያው ዘመድ ነው። ልዩነቱ ሳህኑ ስስ ቆርቆሮ መሆኑ፣ ድስቱ ደግሞ ወፍራም ብረት መሆኑ ነው። መስታወት መሆኑን ካስታወሳችሁ፣ ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ራሱ ግልጽ ይሆንላችኋል።

ለኛ ምግብ የሚስማማው በሁለት ምክንያት ነው። ብረቱ እንደ አሉሚኒየም ሙቀት ቶሎ አይቀበልም፣ አንዴ ከጋለ ግን ቶሎ አይለቅም። ሽንኩርቱ ውስጥ ውሃ ጠብ ስታደርጉ ድስቱ ወዲያው አይበርድም። ከሸክላ ድስት ጋር የሚያመሳስለው ይሄ ጠባዩ ነው። ሁለተኛ፣ ባዶ ብረት ቲማቲም ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ለረጅም ሰዓት ሲበስልበት ብረት ብረት ይላል። ኢናሜሉ ያንን ይከላከላል። በነገራችን ላይ ለደም ማነስ ብላችሁ የብረት ድስት የምትፈልጉ ከሆነ ይሄ አይደለም። መስታወቱ ብረቱን ከምግቡ ስለሚለየው ምንም አይጨምርላችሁም።

1ኛ፦ ከስሙ ጀርባ ማን እንዳለ አንብቡ

ዝነኛዋ ምግብ አብሳይ ፋብሪካ የላትም። ስሟን ታከራያለች፣ ቀለምና ቅርጽ ትመርጣለች፣ ድስቱን የሚያሠራውና ዋስትናውን የሚሰጠው ሌላ ኩባንያ ነው። የቴሌቪዥን ምግብ አብሳይዋን የሬቸል ሬይን ድስቶች የሚያቀርበው ካሊፎርኒያ ቫሌሆ ከተማ ያለው ሜየር የተባለ ኩባንያ ነው። ሜየር በሌሎች ስሞችም ብዙ የማብሰያ ዕቃ ይሸጣል። የሌላዋ የቴሌቪዥን ምግብ አብሳይ የሪ ድራመንድ "ፓዮኒር ዉማን" የተባለው አበባ አበባ ያለው ዕቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዎልማርት ውስጥ ነው የሚሸጠው።

ይሄንን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ስም ስለሚወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዝነኛዋ ምግብ አብሳይ ፓውላ ዲን በአንድ የፍርድ ቤት ክርክር የሰጠችው ቃል ይፋ ሲወጣ፣ ፉድ ኔትወርክ የተባለው የምግብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውሏን አላደስም አለ። ዎልማርትና ታርጌትም ከእሷ ጋር መሥራት አቆሙ። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ ወጥ ቤታችሁ ያለው ድስት ምንም አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው የክዳኑ እጀታ ሲሰበር ወይም ኢናሜሉ ሲላቀቅ ነው። ያኔ የምትደውሉት ለአምራቹ እንጂ ለዝነኛው አይደለም።

ስለዚህ ካርቶኑን ገልብጡና በደቃቁ የተጻፈውን ፈልጉ። የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስም፣ ስልኩ፣ የዋስትናው ዘመን። አምራቹ ካልተጻፈ እኔ አልገዛም። የዋስትና ወረቀቱ ላይ "ከልክ ባለፈ ሙቀት የመጣ ጉዳትን አይሸፍንም" የሚል መስመር አይጠፋም። እሱን አስታውሱት፣ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የተሠራበትን አገርም ታያላችሁ። ያ የታወቀው የፈረንሳይ ድስት ሠሪ ለ ክሩዜ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ፍሬኑዋ ለ ግራን በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ድስቱን ይሠራል። ስታውብ የሚባለው ሌላው ድስትም ፈረንሳይ ነው የሚሠራው። በዝነኞች ስም የሚሸጡት አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ቴነሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተው የሎጅ ኩባንያ ርካሹ የኢናሜል ድስትም እንዲሁ። ቻይና ስለተሠራ ብቻ ግን አትተዉት። ደህና የሆኑ አይቻለሁ፣ የማይረቡም አይቻለሁ። ፍርዱን ለዓይናችሁና ለእጃችሁ ተዉት።

2ኛ፦ መጠኑን ከቤታችሁ ምግብ ተነስታችሁ ለኩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ካርቶኑ በኳርት ይጽፋል። አንድ ኳርት ከአንድ ሊትር ትንሽ ያንሳል። የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ድስቱ እስከ አፉ ጢም ቢል የሚይዘውን ነው። የምታማስሉበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ሩቡን ቀንሱለት።

አንድ ዶሮ፣ 12 ብልት ወጥቶላት፣ 2 ኪሎ ሽንኩርትና 12 እንቁላል ያላት እንደሆነ 6 ኳርት ይበቃችኋል። ሽንኩርቱ ጥሬ ሆኖ ሲገባ ድስቱን ይሞላዋል። አትደንግጡ፣ ውሃውን ሲጨርስ እጅግ ይቀንሳል። ለበዓል ሁለት ዶሮ የምትሠሩ ከሆነ 9 ኳርት ፈልጉ። ለሁለት ሰው ሽሮና ምስር ወጥ 3 ወይም 4 ኳርት በቂ ነው።

አሁን ክብደቱን አስቡ። ባለ 6 ኳርት ድስት ከነክዳኑ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ወጡ ሲጨመርበት 11 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያንን የፈላ ነገር ከምድጃ አንስታችሁ ጠረጴዛ ላይ ማድረስ አለባችሁ። እጅ አንጓቸውን ወይም ወገባቸውን ለሚያማቸው እናት ስጦታ የምትገዙ ከሆነ ይሄን በደንብ አስቡበት። ለእናቴ ትልቁን ገዝቼላት ነበር። አንድ ቀን ሠራችበትና "ልጄ፣ ይሄን ማን ያነሳልኛል?" አለችኝ። አሁን ባለ 4 ኳርቱን በደስታ ትጠቀማለች።

ቅርጹ ክብ ይሁን። ሞላላው ሙሉ ዶሮ ኦቨን ውስጥ ለመጥበስ ጥሩ ነው። የስቶቩ እሳት ግን ክብ ስለሆነ የሞላላው ሁለት ጫፎች ይቀዘቅዛሉ። መሃሉ ሲያር ዳሩ ያልበሰለ ቁሌት ማንም አይፈልግም።

3ኛ፦ መደብሩ ውስጥ ከካርቶኑ አውጡት

ሠራተኞቹን ጠይቃችሁ አውጡት። ማንም አይከለክላችሁም። የስልካችሁን መብራት አብሩና ውስጡን ዙሩበት።

ውስጡ ላይ የምትፈልጉት ነገር ጥቁር ነጥብ ነው። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብትሆንም ኢናሜሉ እዚያ ቦታ አልያዘም ማለት ነው። ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፣ የመላቀቁም ነገር ከዚያው። እንዲህ ያለውን መልሱና ከኋላው ያለውን ሌላ ካርቶን ክፈቱ። ውጭው ላይ ትንሽ የቀለም መንጠባጠብ ወይም ሻካራ ቦታ ቢኖር ግን መልክ ነው፣ ምግቡን አይነካም።

ቀጥሎ ጠርዙን ዳብሱ። ድስቱና ክዳኑ በሚገናኙበት ከንፈር ላይ ብዙ ርካሽ ድስቶች ሽፋን የላቸውም ወይም በጣም ስስ ነው። ሳትደርቅ ከተቀመጠች ቀይ ዝገት ታወጣለች። ለዚህ ብላችሁ አትተዉት። ግን አጥባችሁ ወዲያው ማድረቅና ዘይት በነካ ጨርቅ ጠርዙን መጥረግ ሥራችሁ እንደሚሆን እወቁ።

ክዳኑን ግጠሙትና በጣታችሁ አንዱን ዳር ጫን በሉት። ከዚያ በተቃራኒው። ቀጭ ቀጭ ካለ ጠማማ ነው። ወጥ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ የሚያደርገው እንፋሎቱን የሚመልሰው ክዳን ነው። ከስሩ ትንንሽ ጡቶች ያሉት ክዳን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። እንፋሎቱ እነሱ ላይ ተጠራቅሞ ምግቡ ላይ ይንጠባጠባል።

ቂጡንም ጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ነቅነቅ አድርጉት። በተለይ የመስታወት ወይም የኢንዳክሽን ስቶቭ ያላችሁ። ብረት ስለሆነ ኢንዳክሽን ላይ በደንብ ይሠራል፣ ቂጡ ግን መቀመጥ አለበት። ስታንቀሳቅሱትም አንስታችሁ እንጂ ጎትታችሁ አይሁን፣ የስቶቩን መስታወት ይጭረዋል።

ሁለቱን ጆሮዎች ያዙ። በባዶ እጅ ሳይሆን በወፍራም ጓንት እንደምትይዙት እያሰባችሁ። አራት ጣት ከነጓንቱ የማይገባበት ጆሮ 11 ኪሎ ለማንሳት አይሆንም። ብዙ የዝነኛ ድስቶች ለውበት ሲባል ጆሯቸው ትንሽ ነው። እኔ በዚህ ብቻ የተውኳቸው አሉ።

4ኛ፦ የክዳኑ እጀታ ስንት ዲግሪ ይችላል?

ይሄን ሳያዩ የሚገዙ ብዙ ናቸው። እጀታው ጥቁር ፕላስቲክ መሰል ከሆነ የሙቀት ልክ አለው። አንዳንዱ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያበቃል፣ አንዳንዱ እስከ 260 ይችላል። ካርቶኑ ላይ በፋራናይት 375 ወይም 500 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ኦቨን ውስጥ በ230 ዲግሪ ዳቦ የምትጋግሩ ከሆነ ዝቅተኛው አይሆንላችሁም፣ ይሸታል፣ ይሰነጠቃል። ከስቴንለስ ስቲል የተሠራ እጀታ ይሄ ጣጣ የለበትም። ደግነቱ እጀታው በአንድ ብሎን ስለሚታሰር፣ ድስቱ ጥሩ ሆኖ እጀታው ብቻ ደካማ ከሆነ በጥቂት ዶላር የብረት እጀታ ለብቻው ገዝታችሁ መቀየር ትችላላችሁ።

5ኛ፦ የውስጡና የውጭው ቀለም

ውስጡ ነጣ ያለ ይሁን። አስተያየቴ ቁርጥ ያለ ነው። እኛ ቁሌት እናቁላላለን። ሽንኩርቱ መቼ ወርቃማ እንደሆነ፣ መቼ ታችኛው መያዝ እንደጀመረ ማየት አለብን። በርበሬ ሲገባ ደግሞ በቀይና በማረር መሃል ያለው ልዩነት የአንድ ደቂቃ ነው። እንደ ስታውብ ውስጡ ጥቁር የሆነው ሥጋ ለመጥበስ ጎበዝ ነው፣ እድፍም አያሳይም። በርበሬ ስታሳርሩ ግን አይነግራችሁም። ነጣ ያለው በርበሬና እርድ ይይዛል፣ ቢጫ ይሆናል። ይሁንለት።

ውጭውን የወደዳችሁትን ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ። ካድሚየም ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካንና ቢጫ ቀለም ለማውጣት ሲያገለግል የኖረ መርዛማ ብረት ነው። ካርቶኑ ላይ ፕሮፖዚሽን 65 የሚባለውን፣ ስለ ጎጂ ኬሚካሎች ማስጠንቀቅን የሚያስገድደውን የካሊፎርኒያ ሕግ (እ.ኤ.አ. 1986) የጠቀሰ ማስጠንቀቂያ ካያችሁ አትደንግጡ፣ ግን አትለፉትም። ምግብ የሚነካው ውስጡ ነው። አምራቹ "ምግብ የሚነካው ክፍል ከሊድ (እርሳስ) እና ከካድሚየም ነጻ ነው" ብሎ በግልጽ መጻፉን ፈልጉ። ካልጻፈ ደውላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ድስት ሞልቷል።

6ኛ፦ ዋጋና የድስት ስብስብ

ባለ 5 ወይም 6 ኳርት የለ ክሩዜ ድስት አዲሱ ከ300 ዶላር በላይ ነው። የሎጅ የኢናሜል ድስት ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። የዝነኞቹም እዚያው አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር ከፈረንሳዩ ጋር አይደለም። ከሎጅ ጋር ነው። የዝነኛዋ ድስት ከሎጅ በላይ ዋጋ ከጠየቀ፣ ትርፉን የምትከፍሉት ለስሟ ነው። ክዳኑ የተሻለ ከሆነ፣ ጆሮው ሰፊ ከሆነ ይገባዋል። አለዚያ አይገባውም።

በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን የዕቃ ስብስብ ("ሴት" የሚሉትን) አትግዙ። አምስትና ስድስት ዕቃ አንድ ላይ ሲታይ ርካሽ ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ የኢናሜል ብረት የሆነው ድስቱ ብቻ ነው፣ ቀሪው ቀለሙ የተመሳሰለ ስስ አሉሚኒየም ነው። አንድ ጥሩ ድስት ግዙ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ውስጡ የተላቀቀውን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። የተሰነጠቀ ኢናሜል ስባሪው ምግብ ውስጥ ይገባል፣ ስባሪውም መስታወት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የድስቱን ስምና የሞዴል ቁጥር አስገብታችሁ ፈልጉ። ጉዳት ያለበት ዕቃ ከገበያ ሲሰበሰብ እዚያ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

7ኛ፦ ቤት ሲገባ፣ የመጀመሪያው ቁሌት

ደረሰኙን አትጣሉ። በሳሙናና በለብታ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት። ውሃ አፍሉበትና ክዳኑ ከአንድ ወገን ብቻ እንፋሎት የሚያፈስ ከሆነ፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ መልሱት።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበትን ልንገራችሁ። እኛ ሽንኩርት ያለ ዘይት ነው የምናቁላላው። ልማዳችን ደግሞ ድስቱን ጥዶ፣ እሳቱን አብርቶ፣ ከዚያ ሽንኩርቱን መክተፍ ነው። ኢናሜል ድስት ባዶውን እሳት ላይ መቆየት አይወድም። ብረቱና መስታወቱ ሲግሉ የሚሰፉበት ልክ ይለያያል። ባዶውን ከልክ በላይ ከጋለ ኢናሜሉ በፀጉር ስንጥቅ ይሞላል። ስለዚህ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ክተፉ። ድስቱ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ እሳቱን አብሩ፣ ከመካከለኛ ዝቅ አድርጋችሁ። ድስቱ ለመጋል ይዘገያል፣ ታገሱት። አንዴ ከጋለ ትንሽ እሳት ይበቃዋል። ትልቅ እሳት የምትለቁበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ነገር ውሃው ነው። ሽንኩርቱ ሲይዝ ጠብ የምታደርጉት ውሃ የሞቀ ይሁን። አጠገባችሁ በማንቆርቆሪያ አስቀምጡት። እኔ የመጀመሪያ ድስቴን ያጣሁት በዚህ ነው። በርበሬው ሊያር ሲል ደንግጬ ከፍሪጅ ያወጣሁትን ውሃ ግማሽ ጠርሙስ ገለበጥኩበት። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ወጡን ከነበርበሬው ደፋሁት፣ ምክንያቱም ስንጥቁ መሃል ቂጡ ላይ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ዋስትናውም እንደዚህ ያለውን አይሸፍንም። ከፍሪጅ የወጣ ዶሮም ቢሆን እንደቀዘቀዘ አይግባ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይቆይ።

ማማሰያችሁ የእንጨት ይሁን። የብረት ጭልፋ ተጠቅማችሁ ጠርዙ ላይ አታንኳኩት። ወጡ ሲያልቅ ድስቱን እንደጋለ ቧንቧ ስር አታስገቡት። ይብረድ። የያዘ ነገር ካለ ውሃና ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ለ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይፍላ፣ ከዚያ በእንጨት ማማሰያ ሲገፉት ይለቃል። የበርበሬውም ቀለም በዚህ ይቀንሳል። የብረት ሽቦ አትጠቀሙ።

ቡና አትቁሉበት። ጥራጥሬም ቅመምም ቢሆን እንደዚያው። ደረቅና ኃይለኛ እሳት ነው የሚፈልጉት፣ ለነሱ ሽፋን የሌለው ጥቁሩ የብረት መጥበሻ አለላችሁ።

ድፎ ዳቦ ግን ጋግሩበት። ከታችና ከላይ እሳት የሚፈልገውን ድፎ እንደዚህ የሚሆንለት ሌላ ዕቃ አፓርታማ ውስጥ አላገኘሁም። ኮባ ባይኖር የእስያ ወይም የላቲኖ መደብር ውስጥ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ይሸጣል። አቅልጡት፣ አጥባችሁ አድርቁት፣ የድስቱን ቂጥና ግድግዳ አልብሱት። የተቦካውን ሊጥ በላዩ አፍስሱና ድስቱ ውስጥ ኩፍ ይበል። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ በ180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አስገቡት። ለዚህ ሙቀት ፕላስቲኩም እጀታ ይችላል። 50 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ክዳኑን አንሱና ላዩ እስኪቀላ ለ10 ደቂቃ ተዉት። መሃሉን በቀጭን እንጨት ውጉት፣ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ሲወጣ ድስቱን እንጨት መክተፊያ ላይ አሳርፉት፣ እብነ በረድ ላይ አይሁን።